ሕዝብ አባት ያላቸው መምህር፤ ጁሊየስ ኔሬሬ

ብዙ ሀገራት በአባትነት የሚያነሱት ሰው አላቸው። ቱርኮች ለሙስጠፋ ከማል በሕግ ያጸደቁላቸው አታቱርክ የሚለው ስም ትርጉሙ የቱርኮች አባት ማለት ነው። አሜሪካውያን ጆርጅ ዋሽንግተንን፣ ሕንዳውያን ማህተመ ጋንዲን፣ ጋናውያን ክዋሜ ንክሩማህን፣ ኬንያውያን ጆሞ ኬንያታን በዚሁ የክብር መጠሪያ ያስታውሳሉ። አንዱ አባትነቱን በጦር ሜዳ፣ አንዱ በእስር ቤት፣ ሌላውም በሰላማዊ ትግል አግኝቶታል።

የታንዛኒያው ጁሊየስ ኔሬሬ ግን ወደ አባትነት የመጡት ከመማሪያ ክፍል ነው። ሀገራቸው በስዋሂሊ ቋንቋ ባባ ዋ ታይፋ፣ የሀገር አባት ትላቸዋለች። ከዚህ ስም ይልቅ በሕዝቡ አንደበት የሚዘወተረው ግን ምዋሊሙ፣ ማለትም መምህር የሚለው ነው። ሥልጣን ላይ ሳሉም፣ ሥልጣን ከለቀቁም በኋላ፣ ካረፉም ወዲህ ይህ ስም አልተለወጠም።

የኔሬሬ ታሪክ የስኬት ብቻ ታሪክ አይደለም። ገበሬውን የሀገሩ ምሰሶ ያደረጉ መሪ ናቸው፤ በዘመናቸው ገበሬው ከቀዬው ተነቅሏል። ልዩ ልዩ ብሔረሰቦችን በአንድ ቋንቋ አስማምተዋል፤ በዘመናቸው ያለ ፍርድ የታሰሩ ሰዎች ነበሩ። ያም ሆኖ ሕዝቡ አባት ማለቱን አልተወም። ለምን እንዳልተወ የሕይወታቸው ታሪክ ይናገራል።

ኔሬሬ የተወለዱት ሚያዝያ 5 ቀን 1914 ዓ.ም፣ እ.ኤ.አ በ1922፣ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በስተምሥራቅ በምትገኝ ቡቲያማ በተባለች መንደር ነው። አባታቸው ኔሬሬ ቡሪቶ የዛናኪ ብሔረሰብ አለቃ ነበሩ። በባሕሉ መሠረት ብዙ ሚስቶች አግብተው ነበርና እናታቸው ሙጋያ ከእነዚያ አንዷ ናቸው። ሕጻኑ የተወለደው ዝናብ በሚወርድበት ቀን ስለነበር ከዝናብ መንፈስ ስም ተወስዶ ካምባራጌ ተባለ። የአባትየው ስም ኔሬሬም ቢሆን ከግብርና ሕይወት የተቀዳ ነው። ትርጉሙ አባጨጓሬ ሲሆን፣ አባታቸው በተወለዱበት ጊዜ አዝመራውን ከወረረው ተምች የተነሳ የወጣ ስም ነው። የሀገሪቱ አባት የሚሆነው ሰው በስሙ ዝናብንና ተምችን፣ የገበሬን ተስፋና ስጋት በአንድነት ተሸክሞ አደገ ማለት ይቻላል።

የአለቃ ልጅ ቢሆኑም በልጅነታቸው እንደ መንደሩ ልጆች ሁሉ ፍየልና በግ ጠብቀዋል። ትምህርት ቤት የገቡት 12 ዓመት ሲሆናቸው ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው ሙሶማ ከተማ ውስጥ ነበርና ከቤታቸው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በአዳሪነት መማር ነበረባቸው። ዘግይተው ጀምረው በፍጥነት ቀደሙ። ከሙሶማ ወደ ታቦራ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከታቦራም ኡጋንዳ ወደሚገኘው ማኬሬሬ ኮሌጅ ተሻገሩ። እ.ኤ.አ በ1943 ሲጠመቁ ጁሊየስ የሚለውን ስም ያዙ። በማኬሬሬ የመምህርነት ማዕረግ ተቀብለው ወደ ታቦራ በመመለስ በካቶሊክ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ።

እ.ኤ.አ በ1949 ወደ ስኮትላንድ አቅንተው በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ታሪክን፣ ምጣኔ ሀብትንና ፍልስፍናን ተማሩ። በ1952 የማስተርስ ዲግሪያቸውን ይዘው ሲመለሱ በብሪታኒያ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ከተመረቁ ጥቂት የታንጋኒካ ተወላጆች አንዱ ነበሩ። በዚያ ዘመን ታንጋኒካ እየተባለች የምትጠራው ሀገር ቀድሞ በጀርመን ቅኝ ግዛት ሥር የነበረች፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ለብሪታኒያ በሞግዚትነት የተሰጠች ነበረች። ወጣቱ ምሁር በዳሬ ሰላም አቅራቢያ በፑጉ በሚገኝ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ሆኑ። በዚያው ሰሞንም ማሪያ ገብርኤልን አገቡ።

መምህሩ ከሥራ በኋላ የሚያሳልፉት ጊዜ ግን ለሌላ ዓላማ የተሰጠ ነበር። የታንጋኒካ አፍሪካውያን ማኅበር በተባለው ስብስብ ውስጥ ገብተው እ.ኤ.አ በ1953 ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ። ማኅበሩ እስከዚያ ድረስ የፖለቲካ አቅም ያልነበረው የተማሩ ሰዎች መገናኛ ነበር። ኔሬሬና ጓዶቻቸው በሰባተኛው ወር በሰባተኛው ቀን በ1954 ታኑ ወደተባለ የነጻነት ፓርቲ ለወጡት። ዕለቱ ዛሬም በታንዛኒያ ሳባ ሳባ፣ ሰባት ሰባት እየተባለ ይከበራል።

የቅኝ አሥተዳደሩ መምህርነትና ፖለቲካ አብረው እንደማይሄዱ ሲነግራቸው መምረጥ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ በ1955 ደመወዝ ያለውን ሥራ ትተው ደመወዝ የሌለውን ትግል መረጡ። በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ተጉዘው በተባበሩት መንግሥታት የሞግዚትነት ምክር ቤት ፊት የሀገራቸውን የነጻነት ጥያቄ አቀረቡ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በአሮጌ ተሽከርካሪ ከመንደር መንደር እየዞሩ፣ ገበሬውን፣ የወደብ ሠራተኛውንና ነጋዴውን በስዋሂሊ ቋንቋ እያነጋገሩ አባላትን አበዙ።

በዚህ ትግል ውስጥ ቢቢ ቲቲ መሐመድ የተባሉ ሴት ድርሻ ሳይነሳ አይታለፍም። በዳሬ ሰላም የዘፈን ማኅበራት ውስጥ የታወቁት ቲቲ የእናቶችን የመገናኛ መረብ ወደ ፓርቲው አምጥተው እልፍ ሴቶችን ለነጻነት አሰለፉ። ኔሬሬ የተማረውን ክፍል ሲያሳምኑ ቲቲ ጓዳውንና ገበያውን አሳመኑ።

የታንጋኒካ ነጻነት በጦር መሣሪያ የመጣ አይደለም። በምርጫና በድርድር እ.ኤ.አ በ1961 ኔሬሬ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ኅዳር 30 ቀን 1954 ዓ.ም፣ እ.ኤ.አ በ1961 ማብቂያ ላይ፣ የብሪታኒያ ሰንደቅ ወርዶ የነጻዋ ታንጋኒካ ሰንደቅ ተሰቀለ። በዚያች ሌሊት በኪሊማንጃሮ ተራራ አናት ላይ የነጻነት ችቦ በራ። ከአፍሪካ ተራሮች ሁሉ ከፍ ካለው ተራራ ላይ የበራው ችቦ ገና በቅኝ ግዛት ሥር ላሉት ጎረቤቶችም መልዕክት ነበረው።

ከነጻነት በኋላ ባሉት ሳምንታት ኔሬሬ ያደረጉት ነገር ብዙዎችን አስገረመ። በጥር 1962 የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሥልጣናቸውን ለራሺዲ ካዋዋ አስረክበው ፓርቲውን በየገጠሩ ለማጠናከር ወጡ። ከወራት በኋላ በተደረገ ምርጫ አሸንፈው ሀገሪቱ ሪፐብሊክ ስትሆን የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ሆነው ተመለሱ። ወንበር ተነሥተው ሊመለሱበት፣ ተነሥተውም ሊቀሩበት የሚችሉት ነገር መሆኑን ያን ጊዜ አሳይተው ነበር።

የተረከቧት ሀገር ሰፊ፣ ድሃና የብዙ ሕዝቦች መኖሪያ ነበረች። ከ120 በላይ ብሔረሰቦች ይኖሩባታል። ኔሬሬ የተገኙበት ዛናኪ ከትንንሾቹ አንዱ ነበር። ስለዚህም በወገን ብዛት ሊመኩ አይችሉም ነበር፤ ሊመኩም አልፈለጉም። በየአካባቢው የነበረውን የአለቅነት ሥርዓት መንግሥታቸው እ.ኤ.አ በ1963 አስቀረ። የአለቃ ልጅ የአለቅነትን ወንበር ሻሩ ማለት ነው።

ሕዝቡን ለማቀራረብ የመረጡት ትልቁ መሣሪያ ቋንቋ ነበር። ስዋሂሊ ከባሕር ዳርቻው ተነሥቶ በንግድ መንገዶች ወደ መሐል ሀገር የገባ፣ ከየትኛውም ትልቅ ብሔረሰብ ጋር ተለይቶ የማይታይ ቋንቋ ነበርና አንዱ ሌላውን ዋጠው የሚያሰኝ አልነበረም። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት፣ የመንግሥት ሥራና የፓርቲ ስብሰባ በስዋሂሊ ሆነ። ኔሬሬ ራሳቸው የሼክስፒርን ጁሊየስ ቄሳርን፣ ቀጥሎም የቬኒሱን ነጋዴ ወደ ስዋሂሊ ተርጉመው አሳተሙ። ሀገር እየመሩ ትርጉም የሠሩት የገበሬው ቋንቋ ከየትኛውም የዓለም ቋንቋ ጋር ሊቆም እንደሚችል ለማሳየት ነበር።

እ.ኤ.አ 1964 የፈተና ዓመት ሆነ። በጥር ወር በጎረቤት ደሴት በዛንዚባር አብዮት ተነሥቶ ሱልጣኑ ከሥልጣን ወረዱ። በዚያው ወር የታንጋኒካ ወታደሮች በደመወዝና በማዕረግ ጥያቄ አመጹ። ኔሬሬ አመጹን ለማብረድ የትናንቱን ቅኝ ገዢ የብሪታኒያን ጦር ለመጥራት ተገደዱ። ይህ ለነጻ ሀገር መሪ መራራ ነበር። አሮጌውን ጦር በትነው አዲስ ሠራዊት አቋቋሙ። በሚያዝያም ከዛንዚባሩ መሪ ከአቤይድ ካሩሜ ጋር ተስማምተው ሁለቱን ሀገራት አዋሐዱ። ከሁለቱ ስሞች ተጣምሮ የተፈጠረው ታንዛኒያ የሚለው ስም በዚያው ዓመት ጸደቀ። በአፍሪካ በዚያ ዘመን ከተሞከሩ ውሕደቶች አብዛኞቹ ሲፈርሱ ይህ እስከዛሬ ጸንቷል።

የኔሬሬ ስም ከአዲስ አበባም ጋር የተሳሰረ ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲመሠረት ከመሥራች መሪዎች አንዱ ነበሩ። ንክሩማህ አፍሪካ በአንድ ጊዜ አንድ መንግሥት ትሁን ሲሉ፣ ኔሬሬ ደረጃ በደረጃ እንሂድ ከሚሉት ጋር ቆሙ። ይሁን እንጂ በቅኝ ግዛት ሥር ለቀሩት ሕዝቦች ጉዳይ ከማንም ቀድመው ዋጋ ከፈሉ። ድርጅቱ ያቋቋመው የነጻነት ኮሚቴ መቀመጫውን ዳሬ ሰላም ላይ አደረገ። የሞዛምቢክ፣ የአንጎላ፣ የዚምባብዌ፣ የናሚቢያና የደቡብ አፍሪካ ታጋዮች በታንዛኒያ ምድር ተጠለሉ፤ ሠለጠኑም። ድሃዋ ሀገር ከሌላት ላይ አካፈለች።

ወደብ አልባዋ ዛምቢያም የዘረኛ መንግሥታት መንገድ እንዳታጎበድድ የባቡር ሐዲድ ያስፈልጋት ነበር። ምዕራባውያን አያዋጣም ብለው የተውትን ሥራ ቻይና በብድርና በባለሙያ ደገፈችው። ከዳሬ ሰላም እስከ ካፒሪ ምፖሺ 1 ሺህ 860 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ሐዲድ እ.ኤ.አ በ1970ዎቹ አጋማሽ ተጠናቀቀ።

በሀገር ውስጥ የኔሬሬ ትልቁ ጥያቄ የነጻነት ፍሬ ለማን ይድረስ የሚል ነበር። እ.ኤ.አ በ1966 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የብሔራዊ አገልግሎትን ግዴታና በአገልግሎቱ ወቅት የሚቆረጠውን ደመወዝ ተቃውመው ሰልፍ ወጡ። ኔሬሬ ተቆጡ። 400 ያህል ተማሪዎችን ወደየቤታቸው አሰናበቱ። ቁጣቸው ግን ወደ ተማሪዎቹ ብቻ የተወረወረ አልነበረም። የባለሥልጣናት ደመወዝ ራሱ ከገበሬው ኑሮ ጋር ሲተያይ የበዛ ነው ብለው ከራሳቸው ደመወዝ ላይ 20 በመቶ ቀነሱ።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በየካቲት 1967፣ የአሩሻ አዋጅ ታወጀ። ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች የሕዝብ ሀብት ሆኑ። ለመሪዎችም ጥብቅ ሕግ ወጣ። የፓርቲና የመንግሥት ኀላፊ የሆነ ሰው በድርጅቶች ውስጥ አክሲዮን መያዝ፣ ሁለት ደመወዝ መብላት፣ ቤት እየሠራ ማከራየት ተከለከለ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው አባባል በሚሠራበት ዓለም ውስጥ ይህ ሕግ ብዙ ሹማምንትን አስከፋ። ኔሬሬን ግን ሕጉ ከራሳቸው ኑሮ ጋር አላጋጫቸውም።

የአሩሻ አዋጅ ልብ የነበረው ኡጃማ ነው። ቃሉ ቤተሰብነት ማለት ሲሆን፣ እንደ አንድ ቤተሰብ አብሮ መሥራትንና ያፈሩትን ተካፍሎ መብላትን ያመለክታል። ተራርቆ የሚኖረው ገበሬ በመንደር ቢሰባሰብ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና የውኃ ጉድጓድ ለማድረስ ይቀላል፤ በጋራም ቢያርስ ምርቱ ይጨምራል የሚል እምነት ነበራቸው። መጀመሪያ ላይ ያስተማሩት ይህ በፈቃድ ብቻ መሆን እንዳለበት ነው።

በፈቃድ የሠሩትም ነበሩ። በደቡብ፣ በሩቩማ አካባቢ ወጣት ገበሬዎች በራሳቸው ተነሳሽነት መንደሮችን መሥርተው በጋራ አርሰዋል፤ የራሳቸውን ትምህርት ቤትም አቋቁመዋል። ኔሬሬ እንደ አርዓያ የሚያዩት ሥራ ነበር። ነገር ግን ከፓርቲው መሥመር ውጭ በራሱ የቆመ የገበሬ ማኅበር የሹማምንቱን ዓይን አቀላ። እ.ኤ.አ በ1969 ፓርቲው ማኅበሩን አፈረሰው። ገበሬው ራሱ ወዶ የተከለው ችግኝ በባለሥልጣን እጅ ተነቀለ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ እየከበደ ሄደ። በኢሪንጋ፣ በቆሎ በስፋት በሚመረትበት አካባቢ፣ በ1971 ማብቂያ የመሬት ነገር ደም አፋሰሰ። የክፍለ ሀገሩ ኮሚሽነር በአንድ ገበሬ ጥይት ተገደለ፤ ገበሬውም በሞት ተቀጣ። በ1973 ደግሞ በመንደር መኖር ግዴታ ሆነ። እስከ 1976 ባሉት ዓመታት ሚሊዮኖች ከነበሩበት ተነሥተው አዳዲስ መንደሮች ውስጥ ሰፈሩ። በብዙ ቦታ የጭነት መኪናዎች መጥተው ቤተሰብን ከነዕቃው ጭነው ወሰዱ፤ እንዳይመለስም ጎጆው የተቃጠለበት ነበር።

የመንደር ምሥረታን ዘመን ያዩ ኢትዮጵያውያን አርሶ አደሮች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሳይነገራቸው ያውቁታል። ገበሬ መሬቱን የሚያውቀው በዓመታት ነው። የትኛው ማሳ ውኃ እንደሚያቁር፣ የትኛው ዝናብ ሲዘገይ እንደሚታገስ፣ የትኛው ለበቆሎ የትኛው ለማሽላ እንደሚሆን ከአባቱ ይማራል። አዲሶቹ መንደሮች ብዙ ጊዜ የተመረጡት ለመኪና መንገድ እንዲቀርቡ እንጂ ለአፈሩ ታስቦ አልነበረም። ማሳው ከቤት ራቀ፤ በመንደር ዙሪያ ያለው መሬት ቶሎ ደከመ፤ ከብቱ ግጦሽ አጣ። በዚያ ላይ ድርቅ ተጨመረበት። ሀገሪቱ እህል ከውጭ ለመግዛትና እርዳታ ለመቀበል ተገደደች። የገበሬው የኅብረት ሥራ ማኅበራትም በ1976 ፈርሰው ቦታቸው ለመንግሥት ድርጅቶች ተሰጠ። ገበሬው ምርቱን የሚሸጥበት ዋጋ ከእጁ ወጣ።

የፖለቲካው መንገድም ጠባብ ነበር። ሀገሪቱ ከ1965 ጀምሮ በሕግ የአንድ ፓርቲ ሀገር ሆነች። ያለ ፍርድ ማሰር የሚፈቅድ ሕግ ከ1962 ጀምሮ በሥራ ላይ ነበር። የነጻነቱ ትግል እናት የነበሩት ቢቢ ቲቲ መሐመድ ሳይቀሩ መንግሥት ለመገልበጥ በማሴር ተከሰው የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ኔሬሬ በ1972 በምሕረት ፈቷቸው። ዛሬ ከዳሬ ሰላም ትልልቅ ጎዳናዎች አንዱ በእኒህ ሴት ስም ይጠራል።

የዚያው ዘመን ሌላው ገጽ ትምህርት ነው። መምህሩ ፕሬዝዳንት ሀገሪቱን በሙሉ አንድ መማሪያ ክፍል ሊያደርጓት ተነሱ። እ.ኤ.አ በ1974 ለሁሉም ሕጻናት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲዳረስ ፓርቲው ወሰነ። ጎልማሶች ከእርሻ መልስ በጥላ ሥር ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ። ኔሬሬ በእርጅና ዘመናቸው ሲያሰሉት ነጻነት ሲገኝ ከ100 ጎልማሶች 85 ያህሉ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር፤ ሥልጣን ሲለቁ ግን ከ100 ሰዎች 91 ያህሉ ማንበብ ይችሉ ነበር። በየመንደሩ ክሊኒክና ንጹሕ ውኃ የደረሰውም በዚያው ዘመን ነው። ከቀዬው ተነቅሎ ያለቀሰው ገበሬ ልጁ ደብዳቤ ሲያነብለት ያየው በዚያው መንደር ነው። የኔሬሬን ዘመን በአንድ ቃል መፍረድ የሚከብደው ስለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ በ1978 የኡጋንዳው ኢዲ አሚን ጦር ድንበር ጥሶ የካጌራን አካባቢ ያዘ። ታንዛኒያ ወራሪውን ከምድሯ አስወጥታ፣ ከኡጋንዳ ተቃዋሚዎች ጋር ተባብራ በሚያዝያ 1979 ካምፓላ ገባች። አሚንም ከሀገር ሸሹ። ጦርነቱ ግን የሀገሪቱን ካዝና አራቆተ። የነዳጅ ዋጋ ንሮ፣ የውጭ ምንዛሬ ነጥፎ፣ የመንግሥት ድርጅቶች ተዳክመው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስኳር፣ ሳሙናና ዘይት ለማግኘት ሰልፍ መያዝ የየዕለት ኑሮ ሆነ።

በዚህ ጊዜ ብዙ መሪዎች ጠላት ይፈልጋሉ፤ ወይም ወንበራቸውን የበለጠ ያጠብቃሉ። ኔሬሬ ሌላ መንገድ መረጡ። ከሕዝቡ ተወዳጅነት ሳይጎድልባቸው፣ የሚገፋቸው ጦርም ሆነ ተፎካካሪ ሳይኖር እ.ኤ.አ በ1985 የፕሬዝዳንትነት ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው ለአሊ ሐሰን ምዊኒ አስረከቡ። ሀገራቸውን ለአዲስ የኢኮኖሚ መንገድ ሌላ ሰው ይምራት ብለው መንገድ ለቀቁ። በዚያ ዘመን በአፍሪካ መሪ የሚወርደው በአብዛኛው በመፈንቅለ መንግሥት ወይም በሞት ነበርና እንደ እርሳቸው በሰላም የወረዱት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ከወንበር ከወረዱ በኋላ የተናገሩትም እንደ አወራረዳቸው የሚታወስ ነው። እንደገና ቢጀምሩ የማይደግሟቸው ነገሮች እንዳሉ በግልጽ አምነዋል። ከእነዚህም መካከል የአካባቢ አሥተዳደሮችን ማፍረሳቸውና የገበሬውን የኅብረት ሥራ ማኅበራት መበተናቸው ይገኙበታል። ሁለቱም ገበሬው ድምጹን የሚያሰማባቸው ቦታዎች ነበሩ። ሁለቱም እርሳቸው ሥልጣን ሳይለቁ እንደገና እንዲቋቋሙ ተወስኖ ነበር። የመንደሩን ሽማግሌ ሳይሰሙ ለመንደሩ መልካም ማሰብ በቂ እንዳልሆነ መምህሩ በዋጋ ተማሩ፤ መማራቸውንም አልደበቁም።

ኔሬሬ ወደ ቡቲያማ ተመልሰው ማረስ ያዙ። ከመንደሩ ሰዎች ጋር ከኢትዮጵያው ገበጣ ጋር የሚመሳሰለውን ባኦ የተባለ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። ዝምታን ግን አልመረጡም። የደቡቡን ዓለም ድሃ ሀገራት ጉዳይ የሚያጠና ኮሚሽን መርተዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሀገራቸው የብዙ ፓርቲ ሥርዓት ጥያቄ ሲነሣ፣ አብዛኛው ሕዝብ አንድ ፓርቲ ይበቃናል ቢልም የመድብለ ፓርቲን መንገድ ደገፉ። ራሳቸው የዘጉትን በር ለመክፈት ራሳቸው ድምጻቸውን ሰጡ። በሕይወታቸው ማብቂያም ጎረቤት ብሩንዲ በእርስ በርስ ጦርነት ስትነድ በአሩሻ የሰላም ንግግሩን መርተዋል። ሥራው ሳይጠናቀቅ ሲያርፉ ኔልሰን ማንዴላ ተተክተው ቀጠሉት።

ጁሊየስ ካምባራጌ ኔሬሬ በደም ካንሰር ሕክምና ላይ ሳሉ ጥቅምት 3 ቀን 1992 ዓ.ም፣ እ.ኤ.አ ኦክቶበር 14 ቀን 1999፣ ለንደን ውስጥ አረፉ። አስከሬናቸው በዳሬ ሰላም በሕዝብ ዕንባ ተሸኝቶ በተወለዱባት ቡቲያማ አፈር ለበሰ። ያረፉበት ዕለት በታንዛኒያ ብሔራዊ በዓል ሆኖ ይከበራል። በየዓመቱ ሀገሪቱን የሚዞረው የነጻነት ችቦም ጉዞውን የሚያጠናቅቀው በዚሁ ዕለት ነው።

በአዲስ አበባም ስማቸው ሕያው ነው። በአፍሪካ ኅብረት ቅጥር ግቢ የሚገኘው የሰላምና የጸጥታ ሕንጻ በስማቸው ተሰይሟል። ሐውልታቸውም በየካቲት 2016 ዓ.ም በዚያው ተመርቆ ቆሟል።

የሀገር አባት የሚለው ስም ከባድ ነው። ለተሳሳተ መሪ መሸፈኛ ሲሆን ይታያል፤ አባት አይጠየቅም የሚል ባሕል ይፈጥራልና። ታንዛኒያውያን ኔሬሬን አባት ሲሉ ግን ስሕተታቸውን ረስተው አይደለም። የተነቀሉት መንደሮች፣ የተራቆቱት ሱቆችና ያለ ፍርድ የታሰሩት ሰዎች በሀገሪቱ ታሪክ ውስጥ ተጽፈው ይኖራሉ። ከዚያ ጎን ደግሞ ከዛናኪ ተወልዶ ዛናኪን ከሌላው ያላስበለጠ፣ የሀገሩ ካዝና በእጁ ሳለ ያልበላ፣ ሲሳሳት ተሳስቻለሁ ያለ፣ ሰዓቱ ሲደርስ የተነሣ ሰው አለ።

መልካም አባት የሚታወቀው ልጆቹ ያለ እርሱ ቤቱን ማቆም ሲችሉ ነው ይባላል። ከኔሬሬ በኋላ የታንዛኒያን የፕሬዝዳንትነት ወንበር የተረከበ ሁሉ ከቀደመው በሕግ ተረክቧል። ከ120 በላይ የሆኑት ብሔረሰቦች ዛሬም በአንድ ቋንቋ ይገበያያሉ፤ ይሟገታሉ፤ ይታረቃሉ። በመጋቢትም ዝናቡ ሲመጣ የቡቲያማ ገበሬ የመሬቱን ጠባይ ከአባቱ በተማረው መሠረት በራሱ ማሳ ላይ ይዘራል።